ሰብለን የመራሁበት ሩጫ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017

ዛሬ በትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ማየት ለተሳናቸው በተዘጋጀው አራት መቶ ሜትር ሰብለን መርቼ ሮጥኩ። እጃችን በአጭር ገመድ ይያያዛል። መሪዋ ቀድማ መስመሩን ካለፈች ሯጯ ትሰረዛለች። ቀራንዮ ሜዳ ላይ ሦስት ወር ስንለማመድ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

መጨረሻው ላይ አንዲት ልጅ በጎናችን ደረሰችብን። እኔም የራሴ ውድድር ይመስል ደረቴን ወደ መስመሩ ወረወርኩ። ሰብለ አንደኛ የወጣች መስሏት አቅፋኝ ስትዘል ዳኛው መጥቶ መሰረዟን ነገራት። አንደኛዋ ለከተማው ቡድን ትመረጥ ነበር። ሰብለ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ስለምትጨርስ ሌላ ዕድል የላትም።

ታክሲ ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ተይው ባክሽ። እንዲህ ስትፈጥኚ አይቼሽ አላውቅም» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። 18 ማዞሪያ ስንደርስ ወረድን።

እናቷ ፌርማታው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። «እህ፣ እንዴት ሆነ ልጆች?» አሉ።

«ወደቅኩ እማዬ። እግሬ ተጠላለፈብኝ» አለቻቸው ሰብለ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

እናቷ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ዳሰሱ። ጭረት እንኳ አልነበረውም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አዎ፣ ወደቀች» አልኩ።