የፀሐይ ምትክ

ለውድ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ያ ጆሮሽ አሁንም ስልክ ሲሆን ይደነቁራል፣ ሐሜት ሲሆን ይሰማል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ፤ ነጩ ጋዋኔ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ብሎኛል። ፋርማሲዬም ደህና ናት። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ እንዳልዘጋው ደግሞ አንቺ ውሸት ከሩቅ ይሸትሻል። ስለዚህ ዛሬ የሆዴን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጥኩ ስለምጽፍ ሐሳቤ ቢዘበራረቅ ታገሺኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እንደ ልማድሽ ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ እንዳትመልሺልኝ። እንዲያውም አትችዪም። ለምን እንደማትችዪ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያለፈው ወር ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሑፌ ያስጠላው ብዕሩ ተበላሽቶብኝ ነው ብለሻል። እማዬ! ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ የእጅ ጽሑፍ ስታርሚ የኖርሽ ሴት በብዕር ታመካኛለች? ፊደሎችሽ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቀዋል። ቀለሙ ወደ ቀኝ ተጎትቶ መስመሩን ሁሉ አጥቁሮታል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ደብተር ስታዪ የምትዪው አልጠፋኝም፤ ይሄ ልጅ በግራው ስለሚጽፍ መዳፉ የጻፈውን ያብስበታል፣ ወረቀቱን ዘንበል አድርጉለት ትዪ ነበር። አንቺ ግራኝ አይደለሽም። 

ወዲያው ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩ። መጀመሪያ እትዬ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ፊታቸው ወዝ አለው አለችኝ። ግን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ። ያቺ ሴት መዋሸት ስትጀምር እግሯ ከመርገጫው ላይ ይነሳል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ወጥሬ ስይዛት አለቀሰች፣ ከዚያ ዘረገፈችው። ከመታጠቢያ ቤት ስትወጪ እግርሽ ከድቶሽ ወድቀሻል፤ የቀኝ እጅሽ አንጓ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል፤ ለልጄ ትንፍሽ ብትዪ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ ብለሽ አስምለሻታል። አደራ እንዳትቆጪያት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁት ማን ቤት ነው? አንቺ ቤት አይደለም እንዴ!

አንጓስ ይድናል። እኔን ቁጭ ያደረገኝ ሌላው ነው። ከመውደቅሽም በፊት ጀምሮ አራት ወር ሙሉ ከደጃፍሽ ወጥተሽ አታውቂም አሉ። ግቢ እንኳ አትቀመጪም። ወደ ሱቅ የምትሄጂውን መንገድ ትተሽዋል፤ የሚገዛውን ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ታመጣልሻለች። እሷም ነይ ትንሽ ፀሐይ እንሙቅ ስትልሽ፣ ልጄ የፀሐይ ምትክ ልካልኛለች፣ ምትክ አስተማሪ ከገባ ዋናው ምን ሊሠራ ይመጣል ብለሽ መለስሻት። ይህን ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ ከመድኃኒት መደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በፖስታ በላክሁልሽ የቫይታሚን ዲ ክኒን ዕቃ ላይ «የፀሐይ ምትክ፣ በቀን አንድ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኛ! እንደ ቀልድ፣ ደንበኞቼን ለማሳቅ እንደምጽፈው ነው የጻፍኩልሽ። አንቺ ደግሞ ቃል አክባሪ ነሽ፤ ምትክ ካልኩሽ ምትክ ነው። ወይ ነዶ! ሌላ እናት ቢሆን ቀልዱን ስቃ ትተወው ነበር።

አሁን ተራው የኔ ነው። ተማሪ ሆነሽ ስሚኝ።

እኔ ዘንድ ይህን ክኒን የማይፈልገው ሰው የለም። የባንኳ ልጅ ለፀጉሯ ትገዛዋለች፣ ባለታክሲው ለወገቡ፣ አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ድብርት ያባርራል ብለውት መጣ። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው። ቫይታሚን ዲ ከምግብ ያገኘነውን ካልሲየም ወደ ሰውነት የሚያስገባ በረኛ ነው። በረኛው የጠፋበት ሰው አጥንቱ ይራባል፤ እንዲህ ላለው ሰው ክኒኑ ትልቅ ውለታ ይውላል፣ ይህን ማንም አይነፍገውም። ቤት ውስጥ የሚውሉ አዛውንቶች፣ አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ሐኪም ካዘዘላቸው ይውሰዱት። በረኛው ያለው ሰው ግን አሥር በረኛ ቢጨምር ጎተራው አይሞላለትም። ለልብ፣ ለካንሰር፣ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው የሚባለውም ብዙ ሺህ ሰው ላይ ተሞክሮ እንደተወራለት ሆኖ አልተገኘም። ሲበዛ ደግሞ ካልሲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ኩላሊትን ያስቸግራል። ስለዚህ ሲደክምሽ ሁለት ሁለት መዋጥሽን ዛሬውኑ ተዪ! ለልብስ ሰፊዋም ለጨጓራዋ ብለሽ መስጠትሽን ሰምቻለሁ። አንቺን ብሎ ሐኪም።

አጥንት ደግሞ ሥራ ፈት አይወድም። ቆመሽበት፣ ተራምደሽበት፣ ደረጃ ወጥተሽበት ነው የሚጠነክረው። እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ ሰርዲኑም ያስፈልጋል፣ እግርሽ ካልተንቀሳቀሰ ግን ሁሉም ብቻውን አይበቃም። ጄሶ ያሰረልሽን ሐኪም ስልክ ከልብስ ሰፊዋ ተቀብዬ አነጋግሬዋለሁ። ደምሽን መርምሮታል፤ ቫይታሚን ዲሽ በቂ ነው አለኝ፣ ሞልቷል። የሰለለው እግርሽ ነው አለ። አራት ወር ሶፋ ላይ የተቀመጠ ጡንቻ በአንዴ ተነሥ ሲባል ይከዳል። ክኒኑን ትቀጥል እንደሆነና መጠኑን እሱ ይወስናል። ቤት መቀመጧን ከቀጠለች ግን የሚቀጥለው ስብራት ዳሌ እንዳይሆን እፈራለሁ አለኝ። እማዬ፣ በስልሳ ስምንት ዓመት ዳሌ ተሰብሮ አልጋ ላይ መቅረት ምን እንደሆነ እኔ በየቀኑ መድኃኒት ከሚገዙ ልጆች አፍ እሰማለሁ። ያን ወረፋ መቀላቀል አልፈልግም። እምቢ አልኩ።

ይህን ያህል ከተቆጣሁሽ በኋላ የራሴንም ልናዘዝ። ለማላውቀው ሰው ሁሉ፣ መጀመሪያ ደምህን ተመርመር እላለሁ። ላንቺ ግን ሳላስመረምርሽ ነው የላክሁልሽ። መጀመሪያውኑ ጎድሎሽ እንደነበር እንኳ አላውቅም። ለምን እንደላክሁት ግን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት እመጣለሁ እያልኩ ቀረሁ። ባለፈው ደግሞ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ፋርማሲዬን ለማን ጥዬ ብዬ ፈታሁት። በዚያው ቀን ነው ክኒኑን ከመደርደሪያዬ አንስቼ ፖስታ ቤት የወሰድኩት። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ ምንድን ነው ይዘቱ ስትለኝ፣ መድኃኒት አልኳት። ውሸቴን ነው። የቀረሁበት ካሳ ነበር። ምትክነቱ ለፀሐይ አልነበረም፣ አሁን ገባሽ? ይህን ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ደንበኛዬ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ እያልሽ ነበር ያሳደግሽኝ፤ ስሜንም በዚያው ቶሎቶሎ አልሽው። እውነትሽን ነው። አጥንትሽን በጥቅል ፖስታ ልጠግን ስቸኩል ይኸው ተሰበረ።

ከዚህ በታች ጽሑፌ ከተንቀጠቀጠብሽ የአውቶቡሱ መንገድ ነው። አንቺ በብዕር አመካኘሽ፣ እኔ በመንገድ አመካኛለሁ፣ አቻ ለአቻ ነን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ለማን ነው እንዲህ በጥድፊያ የምትጽፊው አሉኝ፤ ለአስተማሪዬ አልኳቸው። ፋርማሲው አያሳስብሽ። አዲሷ ረዳቴ ጎበዝ ልጅ ናት፣ የፋርማሲ ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ መጥታለች፤ ቁልፉን ሰጥቻታለሁ። ምትክ ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ፤ መደርደሪያ ጋ ይቆማል።

አሁን ፖስታውን ገልብጠሽ እዪው። ቴምብር የለውም፣ ማኅተምም አልተመታበትም። ያቀበለችሽ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ፊቷን አትዪ፣ መደበቅ አትችልበትም። አስተማሪ ነሽና ቀሪውን ራስሽ ድረሽበት። ከበርሽ እስከ ግቢው ግድግዳ፣ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታርፍበት ጋ፣ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ዛሬ ቆጥሬዋለሁ። እዚያ ሁለት ወንበር አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። ደፉ ላይ ስትደርሺ የምትደገፊበት ክንድ ስላለ አትፍሪ። ፎጣ ጣል አድርገሽ ጄሶሽን ለመሸፈንም አትድከሚ። ቀስ ብለሽ ነዪ፤ ዛሬ የሚቸኩል የለም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ የተሰበረውን ይጠግንልኝ፣ ክፉሽን አያሳየኝ።

ልጅሽ ቶሎቶሎ፣
ዋናዋ