በጨው የቆመ

«ጨው ሲያጡ ይፈርሳሉ፤ ንጹህ ውሃ እንዳታቀርቡላቸው» ብለው አለቃዬ ዶክተሩ ለሰው በስልክ ሲናገሩ ሰማኋቸውና፣ እታለም፣ ስለ አማቾቻቸው መስሎኝ አዘንኩ።

እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? እንቅልፉስ? እህል ይወርድልሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ባልሆንም እንዲሁ እንደምጽፍ ስለምታውቂ ብዙ አትተማመኚበት።

አሁንም ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ዶክተሩ ጨው ሐይቅ ውስጥ ከሚኖሩ ተሕዋስያን ኢንዛይም ያወጣሉ። ኢንዛይም ሆዳችን ውስጥ እህል እንደሚፈጨው ያለ ደቃቅ ሠራተኛ ነው። ሰኞ ዕለት ኢንዛይሙን በቀጭን ከረጢት ቋጥረው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነክረውት ወጡ። የዕቃው አፍ ጨው ጋግሮ ሳየው አላስቻለኝም፤ ውሃውን ደፍቼ በንጹህ ለወጥኩት። የሰባት ወር ሥራ በአንድ ምሳ ሰዓት ፈረሰ።

ዶክተሩ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ና ተቀመጥ፣ አንተ ጻድቅ» አሉኝና አስረዱኝ። ሌላው ኢንዛይም እዚያ ጨው ውስጥ ቢገባ፣ ጨው ውሃውን ይሻማውና እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጠራል። ይኼኛው ግን በዘመን ብዛት ላዩን ሁሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ዓይነት አልብሶ፣ በዚያ ውሃውን አንቆ ይይዛል። ቻርጆቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ገላጋያቸው ጨው ነው። ገላጋይ ሲሄድ ተገፋፍተው አካሉን ይተረትሩታል። «ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ለክፉ ቦታ ስለተሠራ ነው» አሉ።

ያኔ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። እማዬን አራት ዓመት ስታገላብጪ፣ ስታጥቢ፣ ስታጎርሺ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ያላልሽው፣ ከቀብሩ በኋላ አልጋ ያዝሽ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «አሁን ምን ጎደለሽ? ተነሽና አየር ተቀበይ እንጂ!» እንዳለችሽ ጻፍሽልኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አሁንማ እረፊ» እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ከሩቅ ሆኜ ንጹህ ውሃ ላኩልሽ።

ይቅር በይኝ። ለመነሳት አትጣደፊ። የእማዬን ብርድ ልብስ ማጠፍ ካቃተሽም አትጠፊው። ዶክተሩ ጨዉን መልሰውታል፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ መልኩን ይይዛል፣ አንዳንዱ አይይዝም ይላሉ። ባጠፋሁ ማግስት ፈቃድ ጠየቅኳቸው፤ ዓይን አውጣ ሳይሉኝ ፈቀዱልኝ። በሁለት ወር ውስጥ እመጣለሁ።

እዚህ ላይ እንደ ወጋችን ለቤቱ ሰው በየተራ ሰላምታ እጽፍ ነበር። ከአንቺ በቀር በቤቱ ማንም የለም።

ወንድምሽ
ከዕቃ ማጠቢያው ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን