ደወሉ ጮኾ ነበር ብዬ ስለፈረምኩት ፊርማ

ለተከበራችሁ የተዘጉ ፋይሎች አጥኚ ኮሚቴ ሐኪሞች፣ በተለይም ለሰብሳቢው ለዶክተር ሊንድክዊስት፤

እባካችሁ ዛሬ እንኳ እመኑኝ። ያኔ ስዋሽ አምናችሁኛል፣ ዛሬ እውነቱን ስናገር እንዳትጠራጠሩኝ ፈራሁ።

ጤናችሁ እንዴት ነው? ቤተሰቦቻችሁስ? እኔ ከእፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። ስሜ ትዋይላ ሄንደርሾት ነው፣ በከተማችን ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ጽዳት ነበርኩ። የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ነው፣ ብሳሳት እረሙኝ፣ የሰው ስህተት ማረም ሥራችሁ ነው አሉ። ማደንዘዣ የጎዳቸው ሰዎች ካሳ የጠየቁበትን ፋይል ኢንሹራንሱ ከዘጋው በኋላ ቁጭ ብላችሁ ታነባላችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ። እግዜር ይስጣችሁ፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ግን ቅሬታ አለኝ። ጸሐፊያችሁ ወይዘሮ ፊሊስ ቅሬታ በቁጥር ነው የሚቀርበው ስላለችኝ በቁጥር አደርገዋለሁ።

1ኛ. ሦስተኛው የኦፕራሲዮን ክፍል ያለው የማደንዘዣ ማሽን ሰው አየር ሲያጥረው የሚጮህ ደወል አለው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሃልቨርሰን ደግሞ ሬዲዮ እየሰሙ ነው የሚሠሩት፣ ደወሉ ያናድዳቸዋል። አንድ ቀን «ትዋይላ፣ የኔ ቆንጆ፣ እስቲ የዚያን ጫጩት አፍ ያዥልኝ» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁና ድምፅ በሚወጣበት በኩል ፕላስተር ደራርቤ ለጠፍኩበት። እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ደግሜ ልጻፈው፣ እኔ ነኝ። ከዚያ በሳምንቱ ወይዘሮ ግላዲስ ቶምሊን ለሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ገባች፣ የመተንፈሻዋ ቱቦ ከሸፈኗት ጨርቅ ሥር ተላቀቀ። የዚያን ቀን ተተክቶ የመጣው ማደንዘዣ ሰጪ ስለ ፕላስተሩ የነገረው የለም፣ ደወሉን አምኖ ወረቀቱን ይሞላል። እኔ ወለል ልወለውል ስገባ ጥፍሮቿ ጠቁረው አየሁ። ጽዳት ምን አገባት ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ትንሽ ነው ዝም ያልኩት። ግላዲስ ዛሬ ልጇን አታውቅም፣ ማንኪያም በእጇ አትይዝም።

2ኛ. የግላዲስ ቤተሰቦች ካሳ ሲጠይቁ የሆስፒታሉ ጠበቃ መጣ፣ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። የሰጠኝ ወረቀት ደወሉ ጮኾ ነበር፣ እኔም ሰምቻለሁ ይላል። ፕላስተሩን ዋና ነርሷ አስቀድማ ልጣ ጥላዋለች። ፈረምኩ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

3ኛ. እናንተ ያንን ፊርማ አምናችሁ አነበባችሁት። መጽሔታችሁ የሠራተኞች ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስም የለውም ግን አወቅኳት፤ ሴት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ ሐሞት ከረጢት፣ «ደወሉ ጮኾ፣ ተሰምቶም፣ ጉዳቱ አልቀረም»። ከሥሩ ደግሞ ደወል ይህን ያህል አይጠቅምም ብላችኋል። የኔን ውሸት በሠንጠረዥ አሳምሮ የጻፈልኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዶክተር ሃልቨርሰንም አነበቡት። በጣታቸው እየጠቆሙ «ይኸው፣ ምሁራኑም ይህንኑ ነው የሚሉት» ብለው ፕላስተሩን እንደገና አስለጠፉት። ልልጠው ስል ተያዝኩና ልብስ ማጠቢያ ወረወሩኝ፣ አሁን ወደዚያ ፎቅ አያስገቡኝም።

4ኛ. እናንተ ጋ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ወይዘሮ ፊሊስ ደግ ናት፣ «የኔ ማር፣ ፋይሉ መቼ ነው የተዘጋው?» አለችኝ። ሴትየዋ ገና ናት፣ ገና አልተጎዳችም አልኳት። «እንግዲያው እኛን አትመለከትም» አለችኝ። ደንባችሁን አከብራለሁ። ሰው መጀመሪያ ይጎዳ፣ ከዚያ ይክሰስ፣ ከዚያ ዓመታት ይጠብቅ፣ ያኔ እንደ ወንድምና እህት ታዝኑለታላችሁ።

ያልተጎዳችው ሴት በርኒስ ስኮግ ትባላለች፣ ልብስ ማጠቢያ አብረን አንሶላ የምናጥፍ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሦስተኛው ክፍል ትገባለች። ትናንት አንሶላውን በወዲያ በኩል ይዛ «አንቺ፣ እዛ ሠርተሽ የለ? ደህና ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«እንደ ሕፃን ነው የሚያስተኙሽ» አልኳት።

እውነቱን ብነግራት ማን ለጠፈው ትለኛለች። ማታውን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ዛሬ ጠዋት ዋና ነርሷ ጋ ሄድኩ። ያንን የፈረምኩትን ወረቀት አውጥታ «የቱን እንመን፣ ትዋይላ?» አለችኝ።

የሆስፒታሉ ሰዎች እኔን አይሰሙም፣ የእናንተን ቃል ግን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ዶክተር ሊንድክዊስት፣ አንድ ስልክ ይደውሉላቸው። ሦስተኛው ክፍል፣ ከማሽኑ በስተግራ፣ ነጭ ፕላስተር፣ ይላጥ ይበሉ። የግላዲስንም ነገር ከሠንጠረዣችሁ አውጡት፣ ሐሰት ነው። የዋሸችው እንትና ናት ብላችሁ ስሜን ጻፉት፣ ይገባኛል።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣ አንገቴን ደፍቼ፣
የተመራመራችሁበትን ውሸት የፈረምኩት፣
ትዋይላ ሄንደርሾት

ማስታወሻ፤ በፖስታ ብልከው ከነገ ወዲያ ስለሚደርስ በራችሁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ማረፊያው ውስጥ ከመጽሔታችሁ ጎን አለ። ስልኬ ወይዘሮ ፊሊስ ጋ ሦስት ቦታ ተጽፏል። ጸጥ ካላችሁ ማታ በርኒስ ቤት ሄጄ ለጣፊዋም ውሸታሟም እኔ ነኝ እላታለሁ፣ እሷ ግን ሐኪሞቹን ትታ የኔን ቃል ትሰማለች ብዬ አልተማመንም። መጽሔታችሁ ላይ ተራ እስክትይዝ አትጠብቋት። እባካችሁ ሳይመሽ መልሳችሁ ደውሉልኝ።