በወይዘሮ ሶቼታ አኖኒማ ቤት ስለጠፋችው በቅሎ

ለክቡር ኮሚሳርዮ፣ በጣልያን መንግሥት የደብረ ማርቆስ ገበያ የበላይ ጠባቂ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የደጋው ብርድ ጉልበትዎን፣ የአገሬው አቤቱታም ጆሮዎን ሳይነካው ይህ ደብዳቤ በደኅና እንዲደርስዎ እመኛለሁ። አዋጅዎን ሁሉ የምናነበው ከገበያው ዋርካ ላይ ስለሆነ፣ እኔም ወግዎን ጠብቄ ከዚያው ለጥፌዋለሁ። ስለ ሙጫው አመሰግናለሁ፤ ከራስዎ አዋጅ የተረፈ ነው።

ጉዳዬ የአንዲት ዳማ በቅሎ ጉዳይ ነው። አሮጊት እናቴ ጉልበቷን ከያዛት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው በዚህች በቅሎ ብቻ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ነፋሱ ደግ የሆነ ዕለት ቅዳሴውን ከሩቅ ትሰማለች። እሷ ተመስገን ትላለች፤ እኔን ግን ያንገበግበኛል።

አንደኛ፤ በሰኔ የዱቄት ኩባንያው ካሚዮን ጭቃ ቢይዘው፣ እስከ ደጀን ብቻ ብለው በቅሎዬን ተዋሱኝ። ደጀን ከዚያ ወዲህ ርቃ እንደሆነ እንጃ፣ በቅሎዬ አልተመለሰችም። ብጠይቅ፣ የዱቄቱ ኩባንያ ለካሚዮኑ ኩባንያ አስረክቤያለሁ አለኝ፤ የካሚዮኑ ወደ አቡጀዲ ጨርቁ ኩባንያ ሰደደኝ፤ የአቡጀዲው ደግሞ በታላቅ ትሕትና ወደ ዱቄቱ መለሰኝ። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ፤ ከተማውን እንዲህ አጥርቼ አላውቀውም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስመላለስ በሦስቱም ደጃፍ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ጽሕፈት አየሁ። አስተርጓሚዎ አቶ አወቀ ሶቼታ አኖኒማ ብሎ አነበበልኝ። በእኛ ወግ የፊተኛው የራስ፣ የኋለኛው የአባት ስም ነውና፣ ሦስቱም ቤት የአቶ አኖኒማ ልጅ የወይዘሮ ሶቼታ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ወሬውም ገበያውን አዳረሰው። ጠጅ ነጋዴዋ ወለተ ሐዋርያት፣ ባሏ በአንዱም ሰሌዳ ላይ ስላልተጻፈ ፈት መሆን አለባት ብላ ከልቧ አዘነችላት። እኔም የሴትን ችግር ሴት ታውቃለች ብዬ፣ አንድ ገንቦ ማር ይዤ ወይዘሮዋን ደጅ ልጠና ቆረጥሁ።

ሦስተኛ፤ አቶ አወቀ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስሙ አወቀ ቢሆንም ማወቁን የነገረን ማሩ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለካስ ቃሉ ስም የለሽ ማኅበር ማለት ኖሯል። ክቡርነትዎ፣ እኛም እኮ ማኅበር አለን። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ ማን እንደሆነ፣ ጽዋው የማን ተራ እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ጠላው ቢቀጥን የምንወቅሰው ሰው አናጣም። ለመሆኑ የእናንተ ማኅበር ሙሴ ማን ይባላል? አንዳንዶች፣ የዓለሙን ጨውና ጨርቅ፣ ዱቄቱንም ካሚዮኑንም በአንድ ገበታ ተቀምጠው የሚቆርሱት ጥቂት ጌቶች ናቸው ይላሉ። ገበታውን አላየሁምና አልምልም። ያየሁት፣ ጨው በአንዱ ሱቅ በተወደደበት ጠዋት በሁሉም ሱቅ መወደዱን ነው። ምናልባት ባለሱቆቹ ሌሊቱን አንድ ዓይነት ሕልም አይተው ይሆናል።

ስለዚህ ዓለምን ማን እንደሚገዛ እንዲነግሩኝ አላስቸግርዎም፤ እሱን እግዜር ይወቀው። የምለምንዎ በቅሎዬ በማን በረት እንዳለች ብቻ ነው። በአገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት ይቆማል፤ ስም የሌለውን ግን ማን ብለን እናስቁመው?

ጥላዎ እንደዚህ ዋርካ ይስፋ እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። ስሜን አለመጻፌን እንደ ነውር አይቁጠሩብኝ፤ ከእናንተው የተማርሁት ወግ ነው። ከደብረ ኤልያስ እስከ ደጀን በቅሎ ያልተወሰደበት ሰው ስለሌለም በፍለጋ አይድከሙ።

ታዛዥዎ፣
አኖኒማ

ሙጫው ሳይደርቅ የተጨመረ፤ በቅሎዬ ተገኝታለች። ሦስቱ ኩባንያዎች ሲቀባበሏት የከረሙት በቅሎ፣ ለካስ ገና በሰኔ፣ ደጀን ሳትደርስ፣ ከነዱቄቷ ጫካ ገብታ ኖሯል። እዚያ ዱር ቤቴ ያሉት ሰዎች እናቴን ለኅዳር ጽዮን እንድታደርስልኝ ሊመልሷት ቃል ልከውልኛል። ዱቄቱን ግን በልተውታል። ክቡርነትዎ ስለ ዱቄቱ ማንን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ፣ ሙሴያችሁ ማን ይባላል ብዬ ብልክባቸው፣ የእኛም ማኅበር ስም የለሽ ነው ብለው መለሱልኝ።