ቼክ ኢንጂንና አበልጄ

ማክሰኞ፣ ጠዋት
ዛሬም በራ። ሞተሩን ሳስነሳ ሌሎቹ መብራቶች ይጠፋሉ፣ የሞተር ብልሽት የሚጠቁመው ቢጫው ቼክ ኢንጂን ይቀራል። ወደምሠራበት ነፃ የንግድ ቀጠና ስነዳ ዓይኔ መንገዱ ላይ አይደለም። ዳገት ሲሆን መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ትናንት ባልባላ ሰፈር፣ ጋሽ ተስፋዬ ጋራዥ ነበርኩ። የብልሽት ኮድ ማንበቢያውን ከመሪው ሥር ሰካ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሳያሳየኝ ነቀለ። ካታላይዘሩ ሞቷል አለ፤ የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ። መቀየር አለበት። «አሮጌው እኔ ጋ ይቀራል» አለ። ይቺን ለምን ጨመራት?

ባለቤቴ ሰናይት አበልጅ አይጠረጠርም ትላለች። ገና አበልጅ አልሆነማ። የልጃችን አርባ ቀን እሁድ ይሞላል፤ ክርስትና የሚያነሳው ጋሽ ተስፋዬ ነው። እዚህ አገር ስመጣ ያስጠጋኝ እሱ ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ለምን መድገም አስፈለገኝ?

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
መ/ቤት። ስለ መኪናው ሳወራ አንዱ ባልደረባዬ ሰማኝና ሳቀ። አሮጌ ካታላይዘር ውስጡ ውድ ብረት አለው፣ በድብቅ ይሸጣል አለ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
በጠዋት የባትሪውን ገመድ ነቅዬ መለስኩ። እውነተኛ ችግር ከሆነ መብራቱ ራሱ ይመለሳል ብዬ። መብራቱ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አስጠላኝ።

ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ኢድሪስ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ፣ ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። አነበበ። ምንም የለም።

ምንም! ጋሽ ተስፋዬ ዋሸኝ ማለት ነው። ቤት ገብቼ ሌላ የክርስትና አባት እንፈልግ አልኳት። ልጁን አስተኛች።

ሐሙስ
ባልባላ ዳገት ላይ መብራቱ ተመለሰ። እንደገና ኢድሪስ ጋ። ባትሪ ነቅለህ ነበር እንዴ? አለኝ። አዎ።

«ምስክሩን አባረህ ነዋ ፍርድ የተቀመጥከው፣ ወንድሜ!»

ገመዱ ሲነቀል የተመዘገበው ስህተት ሁሉ ይሰረዛል። አላወቅኩም። ዛሬ ሁለት ኮድ ወጣ፤ አንዱ ካታላይዘር፣ አንዱ በደንብ የማይተኩስ ሲሊንደር። የመጀመሪያው የሁለተኛው ጦስ ሊሆን ይችላል አለ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማጣሪያው ይሄዳልና። ምንም ሳትገዛ በፊት የዚያን ሲሊንደር ኮይል፣ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ከጎረቤቱ ሲሊንደር ኮይል ጋር አቀያይር፤ ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ፣ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው አለኝ። አንተ ሥራልኝ አልኩት። የዕለቱ ጫት ገብቷል፣ የመቃሚያ ሰዓት ነው፣ ከአሁን ወዲያ ኮፈን አልከፍትም አለ። ነገ ደግሞ ዓርብ፣ የዚህ አገር የዕረፍት ቀን፣ ዝግ።

ጋሽ ተስፋዬ ዋሽቶኝ አልነበረም እንግዲህ። ወይስ ግማሹን ብቻ ነገረኝ?

ቅዳሜ
ጋሽ ተስፋዬ ጋ። ኮይሎቹን ብናቀያይርስ አልኩ፣ የራሴ ሐሳብ አስመስዬ። የት አስነበብክ? አለ። ነገርኩት። መፍቻ አነሳ። አቀያየረ፣ በመኪናው ዞር ዞር ብለን ተመለስን፣ አነበበ። አሁን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ችግሩ ከኮይሉ ጋር ሄዷል።

መጀመሪያ ያነበብክ ቀንም ሁለቱም ኮዶች ነበሩ? አልኩት። ነበሩ አለ። ታዲያ ሁለተኛውን ለምን አልነገርከኝም? ካታላይዘሩም ቢሆን ብዙ አይቆይ ነበር አለ። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የጸዳውን እጅ ይጠርጋል። ስንፍና ነው? ሌላ ነገር ነው? ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። እዚያ ላይ የሚሰካ መሣሪያ የለም።

ከዚያ ቀና አለ።

«ነገ ለክርስትናው ልምጣ፣ ወይስ ሌላ ሰው አግኝታችኋል?»

«ኧረ አንተው ነህ፣ ጋሼ።»

ቶሎ ነው የመለስኩት። ከመጠን በላይ ቶሎ። እሱም ልብ ብሏል።

ማታ
ሰናይት የልጁን ነጭ ልብስ ትተኩሳለች። አመንከው? አለች። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ ማስታወሻዬ፤ ለአንተም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ወስኛለሁ። ልጁን እሱ ያነሳዋል። ካታላይዘሩ አይነካም። ኮይሉን እኔ እገዛለሁ፣ ኢድሪስ ይገጥማል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ጋሽ ተስፋዬ ግን ሰኞ ደውሎ መኪናውን አምጣው፣ እኔ ልግጠምልህ፣ አበልጅ አይደለን ወይ ቢለኝ፣ ልጄን በእጁ ላስቀመጥኩለት ሰው ምን ብዬ እምቢ እለዋለሁ?