ላፕቶፑ ቅዳሜና እሑድ እናንተ ዘንድ እንዲያድር

ለዋይሎሎ ኮሌጅ የኮምፒውተርና ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
ለተከበሩ ወይዘሮ ሃሎራን
ሱቫ፣ ፊጂ

ረቡዕ ኦክቶበር 16 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ የልጄ የኡናይሲ ታማኒ ላፕቶፕ እንደገና ተመርምሮ ኔትወርክ እንዲከፈትለት፣ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በክፍልዎ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ወይዘሮ ሃሎራን፣

የዛሬው ጠዋት ነገር ከአእምሮዬ ሳይወጣ ቶሎ ብዬ ልጻፈው። የምጽፈው ከቢሮዎ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ ግን አታናግረኝም። ከናውሶሪ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣን፤ ዝናብ ስለነበር ላፕቶፑን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ነው ያመጣሁት። መመርመሪያው መስኮት ጋ ተሰለፍን። ተራችን ደረሰ፣ መርማሪዋ ወይዘሪት ፕራቲማ ገመዱን ሰካች፣ ጠበቅን፣ ስክሪኑ ቀይ ሆነ፤ ወደቀ ማለት ነው። «ይሄ እኮ ሦስተኛው ነው አባባ» አለችኝ ወይዘሪት ፕራቲማ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ላፕቶፕ ተርሙ እስኪያልቅ ኔትወርክ ውስጥ አይገባም፤ እንዲገባ ከተፈለገ ባለንብረቱ «ከተማሪዋ በቀር ማንም አይጠቀምበትም» ብሎ ይፈርማል። ላፕቶፑ የተገዛው በኔ ስም ስለሆነ ፈራሚው እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ከዚያ ሳልፈርም መለስኩት፣ ጮኽኩም። ስለ ጩኸቱ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ኡናይሲ የነርስ ትምህርቷን የመጨረሻ ጽሑፍ የምታስገባው በኮሌጁ ኔትወርክ ነው፤ ጽሑፉም ያለው እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው። ማስገቢያው ዓርብ ማታ ይዘጋል። ካላስገባች ዓመቱን ትደግማለች፣ የምትማርበት የትምህርት ድጋፍ ደግሞ ለሚደግም ተማሪ አይሰጥም። እንግዲህ ነገሩን በተራ ላስረዳዎት፣ ካልዘረዘርኩ ይጠፋብኛል።

1. ምርመራውን አልቃወምም። አምና ከአንድ ተማሪ ላፕቶፕ የገባ ቫይረስ የስንቱን ልጅ ሥራ እንዳጠፋ ኡናይሲ ነግራኛለች። አንድ የታመመ ዶሮ ጓሮውን ሁሉ ይጨርሳል። ብትቆጣጠሩ ትክክል ናችሁ።

2. መጀመሪያ የወደቀው አንቲቫይረሱ ስላረጀ ነው። ያ የኛው አለማወቅ ነው። ወይዘሪት ፕራቲማ አደሰችልን፣ አመስግነን ሄድን።

3. ሁለተኛውና የዛሬው ግን ሌላ ነው። አንቲቫይረሱ ሆን ተብሎ ጠፍቶ ነው የተገኘው። ያጠፋው ጆኔ ነው፣ የእህቴ ልጅ። ከጓደኛው በፍላሽ ያመጣው የራግቢ ጨዋታ አንቲቫይረሱ እያለ አልከፈት ስለሚለው ያጠፋዋል፤ መልሶ ማብራቱን ይረሳል።

4. እርስዎ ከኒውዚላንድ በቅርቡ እንደመጡ ስለሰማሁ ይሄን ልንገርዎት። ጆኔ ለኔ ቫሱ ነው። በኛ ዘንድ የእህት ልጅ በእናቱ ወንድም ቤት ያለውን ነገር ሁሉ ከፈለገ ያነሳል፤ እምቢ አይባልም። የምሰጠው ለሱ ብቻ ሳይሆን ለእህቴ ነው፣ እሷ ከቤታችን አግብታ ስትወጣ ምንም ይዛ አልወጣችምና። መኪና ቢኖረኝ መኪናዬን ይወስድ ነበር። ደግነቱ የለኝም።

5. ባለፈው ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። ጆኔ ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያወልቅ «ሞሞ፣ ላፕቶፑን ለዛሬና ለነገ ልወስደው ነው» አለኝ። ሞሞ የሚለኝ የእናቱ ወንድም ስለሆንኩ ነው። ኡናይሲ ላፕቶፑን ትራስ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ከወሰድከው ጽሑፌንም አንተው ጻፍልኝ» አለችው።

«እኔ ብጽፍልሽ ኖሮ ይሄኔ ሐኪም ነበርሽ።»

«አንተ መጀመሪያ አሥረኛ ክፍልን ጨርስ፣ ዱባ ራስ።»

«ዱባ ይበላል፣ ያንቺ ምን ይሆናል?»

የወንድምና የእህት ልጆች በኛ አገር እንዲህ ይሰዳደባሉ፣ ማንም አይቀየምም፤ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ግን ልጄ ቀልዱን ተወችው። «አንቲቫይረሱን እንዳትነካው፣ እባክህ» አለችው። «እኔ አልነካውም፣ እሱ ነው የሚነካኝ፤ ነጥብ ላስቆጥር ስል እየመጣ ያቋርጠኛል» አላት። ኡናይሲ ወደኔ አየች። እኔ ምንጣፉን አየሁ። «ስጪው» አልኳት። ስለዚህ የዛሬው ቀይ ስክሪን የሷ ጥፋት አይደለም። «ስጪው» ያልኩት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ተብሎ ይመዝገብልኝ።

6. አሁን ስለ ፊርማው። ወይዘሪት ፕራቲማ ክፉ ነገር አልተናገረችም። «አባባ፣ ሁሉም ይፈርማል እኮ። ፈርመው ይሂዱ፣ ማን ቤትዎ ድረስ መጥቶ ያያል?» ነው ያለችኝ፣ አዝናልኝ። እኔ ግን ቅዳሜ ጆኔ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ሲመጣ ምን ልበለው?» አልኳት። «እምቢ ይበሉት» አለች። እሱን እምቢ ማለት እህቴን እምቢ ማለት እንደሆነ ለሷ በምን አፍ ላስረዳት። ኡናይሲም እጄን ይዛ «አባዬ፣ አንድ ፊርማ ናት፣ ፈርምና እንሂድ» አለችኝ። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የመዋጮ ሣጥን ቁልፍ ያዥ ነኝ። ከፈረምኩ ፈረምኩ ነው። ቅዳሜ የማፈርሰውን ቃል ረቡዕ መስጠት አልችልም። እሺ ብዬ ብዋሽ ልጄ ታልፋለች፣ ግን ላፕቶፑ እንደገና በሽታ ይዞ ይመጣል፣ የሌሎች ልጆች ሥራ ይጠፋል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ የኔ ስም ነው። ካልፈረምኩ የምትወድቀው የራሴ ልጅ ናት። ይሄን እያሰብኩ ነው ድምፄ ከፍ ያለው።

7. መፍትሔው የመጣልኝ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ቫሱ የሚያነሳው በአጎቱ ቤት ያለውን ነው። በቤት የሌለውን አያነሳም፣ ሂድና አምጣልኝም አይልም። አምና የጀልባዬ ሞተር ሊጠገን ሄዶ ሳለ ጆኔ መጣ፣ ጓሮ ዞሮ አየ፣ «የለም እንዴ?» አለ፣ «የለም» አልኩት፣ ምሳ በልቶ ሄደ። እኔም አልዋሸሁ፣ እሱም አልተቀየመ፣ እህቴም አላኮረፈችም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ) ላፕቶፑ ዛሬ ወይም ቢበዛ ነገ አንድ ጊዜ ጸድቶ እንደገና ይመርመርልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዓርብ ቤት አላስገባውም፤ ኡናይሲ እዚህ ሰፈር የክፍል ጓደኛዋ ጋ ታድራለች።

ለ) ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ኡናይሲ ላፕቶፑን ለክፍልዎ ታስረክብ፣ ሰኞ ጠዋት ትረከብ። ቁም ሣጥን ከሌለ የሚቆለፍበትን ሣጥን እኔ ሠርቼ አመጣለሁ፣ አናጢ ነኝ።

ሐ) ወረቀቱ ላይ «ማንም አይጠቀምበትም» የሚለው ቀርቶ «ቅዳሜና እሑድ በቤቴ አይገኝም» ተብሎ ይጻፍልኝ። ይሄን አሁኑኑ እፈርማለሁ። እስክሪብቶም ይዣለሁ።

ይሄን ለልጄ ሳነብላት ከጮኽኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «ይሄን መስኮቱ ጋ አትልም ነበር?» አለችኝ። ጆኔ ቅዳሜ መጥቶ ላፕቶፑን ሲያጣ ምናልባት ዶሮዎቼን ይወስድ ይሆናል፤ እሱ የኔና የሱ ጉዳይ ነው፣ እናንተን አያስቸግርም።

የኮሌጁ ክፍያ ሁሉ ተከፍሏል፣ የኔትወርኩም ጭምር። የቀረው አንድ ነው። ወይዘሪት ፕራቲማን በሰው ፊት «ውሸት እያስፈረማችሁ ነው እንዴ ኔትወርካችሁ የሚጸዳው?» ብዬ ጮኼባታለሁ። በልጄ ዕድሜ ያለች ናት፤ አንገቷን ደፍታ ገመዱን ጠቀለለች። በኛ ወግ እንዲህ ያደረገ ሰው ያንጎና የምንለውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን ሥር ይዞ ይመጣል፣ መሬት ተቀምጦ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያኛው ከተቀበለው ነገሩ ያበቃል። ወደ ገበያ ሮጬ ገዝቼ ተመለስኩ። ዘበኛው ግን ለሠራተኛ ስጦታ ክልክል ነው ብሎ አላስገባውም። ጉቦ እንዳልሆነ ባስረዳውም «አውቃለሁ ታላቄ፣ እኔም ያገር ልጅ ነኝ፣ ግን እንጀራዬ ነው» አለኝ። ያንጎናው አሁን በጋዜጣ ተጠቅልሎ በሩ ላይ እሱ ጋ ተቀምጧል። ለወይዘሪት ፕራቲማ ያለብኝ ይቅርታ እስካሁን አልተከፈለም።

ከትልቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣ ውጭ ወንበሩ ላይ ሆኜ መልስዎን እየጠበቅኩ

ኢኖኬ ታማኒ
(ፊርማ)
የኡናይሲ አባት፣ ናውሶሪ