የጡሩምባ ነፊው ልጅ፣ ባምላኩ ገነነ «ላልሰማ»

ባምላኩ ገነነ ከአባታቸው ከአቶ ገነነ እጅጉ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ክንዱ፣ በቡሬ ወረዳ በግራርማ ቂርቆስ አጥቢያ ኅዳር 15 ቀን 1979 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እኅታቸው ያምሮት ነኝ። ዕድሜ ልኬን «አንተ» ስለው የኖርኩትን ወንድሜን ዛሬ «እርሳቸው» ማለት ለአፌ ይከብደኛል፤ ግን የሟች ክብር አይጓደልም ብዬ እንደ ወጉ ጽፌዋለሁ።

አባታችን በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ ሲሆኑ የአጥቢያው እድር ጡሩምባ ነፊም ነበሩ። ሰው ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ወጥተው ጡሩምባውን ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራሉ፣ በየመሐሉ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላሉ። ባምላኩ ፊደል ሳይለዩ ይህን አጠራር ለዩ። አጥር ላይ ወጥተው የዶሮዎቻችንን ሞት ሲለፍፉ እናታችን «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ ሟርት ነው» እያሉ ይቆጧቸው ነበር።

የቄስ ትምህርታቸውን በቂርቆስ ደጅ ከቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ዘመናዊውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በቡሬ ከተማ ተማሩ። እናታችን በ1991 ዓ.ም. ሲያርፉ ጡሩምባውን የነፉት አባታችን ራሳቸው ናቸው። የሚስታቸውን ስም ሦስቴ ሲጠሩ ድምፃቸው አልተሰበረም። ባምላኩ «አባየ እንዴት ቻሉት?» ብለው ጠየቁኝ።

በ1999 ዓ.ም. ለማንም ሳይናገሩ በመተማ በኩል ወጡ። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩንም ተሻግረው በ2001 ዓ.ም. ኖርዌይ አገር፣ በርገን የምትባል ዝናብ የማይለቃት ከተማ ገቡ። ቀድመዋቸው የገቡ ሰዎች «ከኋላው ሰው ያለው ይመለሳል» ብለው መክረዋቸው ስለነበር፣ በስደተኞች ቢሮ ሲጠየቁ እናትም አባትም ሞተዋል ብለው አስመዘገቡ። እናታችን በእርግጥ ሞተዋል። አባታችን ግን ያን ቀን በርበሬ ይለቅሙ ነበር።

በዚያ አገር ቀን ቀን ዓሣ ፋብሪካ እየሠሩ፣ ከሥራ በኋላ በአንድ ምድር ቤት ራፕ መቅረጽ ጀመሩ። ራሳቸውን «ላልሰማ» ብለው ሰየሙ። አማርኛውን ከኖርዌይኛው እያፈራረቁ፣ ስንኙን በአባታችን ትንፋሽ እየቆረጡ ሲያወርዱት፣ የነጮቹ ወጣቶች ይህ አቆራረጥ ከየት መጣ ብለው ይጠይቋቸው ነበር አሉ። ከግራርማ ጉብታ እንደመጣ የሚነግራቸው ሰው በአጠገባቸው አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ከወይዘሪት ትሕትና ወልደ ሥላሴ ጋር ትዳር መሥርተው በዓመቱ ልጃቸውን ፍሬሕይወትን ወለዱ።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም «መርዶ» የሚለው ዘፈናቸው ወጣ። ጋዜጠኛ ስለ አባታቸው ሲጠይቃቸው በስደተኞች ቢሮ ያስመዘገቡትን ይመልሱ ነበር፤ ያንኑ ሲደጋግሙት ኀዘኑ እውነት ሆነባቸው መሰለኝ። ዘፈኑ ሲጀምር ጡሩምባ ይነፋል። ከዚያ በአባታችን አጠራር የአባታችን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። በሦስት አገር መድረክ ላይ ሕዝብ አብሯቸው ጠራው።

በጥር ወር ዘፈኑ በሚሞሪ ካርድ ተሳፍሮ ቡሬ ገበያ ደረሰ። በማግስቱ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ደረት እየመቱ ወደ ቤታችን ሲመጡ፣ አባታችንን ውድማቸው ላይ መንሽ ይዘው አገኟቸው። የሮጠ ሮጠ፣ የወደቀች ወደቀች። አባታችን ግን መንሹን አስደግፈው «ተቀመጡ እንጂ፤ የመጣ ለቀስተኛ ሳይቀመጥ አይመለስም» አሉ። ተቀመጡ። ዘፈኑንም በአንዱ ስልክ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሰው ከሄደ በኋላ ጡሩምባውን ለአጎታችን ልጅ ለያረጋል አስረከቡ፤ «የሞተ ሰው ሞት አይለፍፍም» አሉት።

ባምላኩ ሰምተው በእኔ ስልክ ደወሉ። ለአባታችን ሳቀብል እጃቸውን አልዘረጉም። «ከሙታን መዝገብ እስኪያወጣኝ ድምፄን አይሰማም» በይው አሉኝ። እኔም እንዲሁ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ያን ዘፈን በመድረክ አልዘፈኑም፤ ሕዝቡ የሚፈልገው ግን ያንኑ ስለነበር ቀስ በቀስ መድረኩም ራቃቸው።

ሁለት ዓመት ካመነቱ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ስደተኞች ቢሮው ሄደው «አባቴ በሕይወት አሉ» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ወይዘሮ ትሕትና «ልጅህን አስብ» ብለው ለምነዋቸው ነበር። ባለቤታቸው በመለመናቸው አላጠፉም፤ ወንድሜም የሚጠፋባቸውን ያውቁ ነበር። በሐሰት ቃል ተከሰው፣ ተፈርዶባቸው ሰባት ወር ታሠሩ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ተነጠቀ፣ ይግባኛቸውም ወደቀ፣ ትዳራቸውም በዚያው ፈረሰ። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በአንድ ሻንጣ አገራቸው ገቡ። ፍሬሕይወት ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

በቀጥታ ወደ ግራርማ ሄዱ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አውጥተው አባታችን ፊት ቆመው እያነበቡ እየተረጎሙ አሰሙ። አባታችን እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወደ እኔ ዞረው «ያነበበው ራሱ ነው። ያኔ ያስጻፈውም ራሱ ነው» አሉ። ማዕድ አልከለከሏቸውም፤ እግራቸውን ታጥበው በሉ። የከለከሏቸው ድምፃቸውን ነው።

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራይተው በሞባይል ጥገና ሥራ ኖሩ። በገበያ ቀን ፈረስ ቤት፣ ዱርቤቴ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ እየሄዱ የጡሩምባ ነፊዎችን አጠራር፣ የሽማግሌዎችን ፉከራ፣ የአልቃሾችን ሙሾ ይቀርጹ ነበር። የአርባ አንድ ጡሩምባ ነፊዎች ድምፅ ትተው አልፈዋል፤ ብዙዎቹ ቀድመዋቸው ሄደዋል። አባታችንን ግን አልቀረጹም። ሰው ይሸሻቸው ነበር። የቁም አባቱን ያለቀሰ ሰው ሰርግ ላይ ገደ ቢስ ነው ተብሎ ጥሪ አይደርሳቸውም። ምሳ በሚበሉበት ቤት ከፊታቸው ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ከልጃቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ አማርኛዋ እያነሰ፣ የእርሳቸውም ኖርዌይኛ እየዛገ ሄዶ፣ በመጨረሻ መተያየት ብቻ ሆነ። በየዓመቱ ለቂርቆስ ንግሥ ወደ ቤታችን ይመጣሉ፣ እጅ ይነሣሉ፣ አባታችን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ይተርጉመው ስላቸው «ቃሌን ካላመኑ ማኅተም አላመጣላቸውም» አሉኝ። የአባታቸው ልጅ ናቸው። እኔም ሁለት ኩሩዎች መሐል ገብቼ ስመላለስ ኖርኩ እል ነበር፤ እውነቱ ግን ስድስት ዓመት ዝም ማለቴ ነው። ወረቀቱን ማስተርጎም የሳምንት ሥራ ነበር። ይህን ሕዝብ ፊት እንዲነበብ የጻፍኩት እንዲቆጠርብኝ ብዬ ነው።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ግንቦት ላይ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ ወረቀቱን ከሻንጣቸው ሳላስፈቅድ ወስጄ አዲስ አበባ ላክሁት። ባለማኅተም ትርጉሙ ሲመጣ፣ ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን ጠዋት ቄስ ወልደ ገብርኤል በቂርቆስ ደጅ ለአባታችን አነበቡላቸው። «የተከሳሹ አባት ገነነ እጅጉ በሕይወት እንደሚገኙ ተከሳሹ በገዛ ፈቃዱ አስረድቷል» የሚለው ላይ ሲደርሱ አባታችን «እስቲ እርሷን ይድገሟት» አሉ። ተደገመች። የዕለቱን እርሻ ትተው፣ በጭቃ እግራቸው ቡሬ ወጥተው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሆስፒታል ሲደርሱ አልጋው አጠገብ ቆሙና «ባምላኩ» አሉ፤ አንድ ጊዜ።

ወንድሜ ዓይናቸውን ገልጠው «አቤት አባየ» አሉ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል የተባለው ይኸው ነው። ሌላውን እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨረሱት። ባምላኩ ሰኞ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ38 ዓመታቸው አረፉ። ከሰዓት በኋላ አባታችን ጡሩምባውን ከያረጋል ተቀብለው ጉብታው ላይ ወጡ። በእናታችን ጊዜ ያልተሰበረው ድምፅ በሁለተኛው ጥሪ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛውን ያረጋል ሊጨርስላቸው ሲል እጃቸውን አንሥተው ከለከሉትና ራሳቸው ጠሩት።

ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አባታችን ከሆስፒታሉ ለጥቂት ጊዜ ሲወጡ፣ ወንድሜ አንድ ነገር አደራ ብለውኝ ነበር። «የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ሌላውን እንደወደድሽ። አባየን ግን በሕይወት ካሉት መጀመሪያ ጻፊልኝ፤ ያኔ ያለ ቦታቸው ነው ያስጻፍኋቸው» አሉኝ። ስለዚህ አንባቢው እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያድርግልኝ፤ አባታችን ጆሯቸው ደከም ብሏል።

ከባምላኩ ገነነ በኋላ በሕይወት ያሉት፣ አባታቸው አቶ ገነነ እጅጉ፣ ልጃቸው ፍሬሕይወት ባምላኩ እና እኅታቸው ያምሮት ገነነ ናቸው።

እግዚአብሔር ስማቸውን በጠራ ጊዜ፣ ለአባታቸው እንደመለሱት «አቤት» ብለው የሚገቡበትን ደጅ ይክፈትላቸው። አሜን።